ቃል የገቡት ቸርቻሪዎች ለምን ወደኋላ አሉ?

በዲሴምበር 2024 ዋልማርት ብዙዎች ያልጠበቁትን ነገር ተናገረ። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ለ2025 እና ለ2030 ያስቀመጣቸውን የልቀት ቅነሳ ግቦች በጊዜያቸው ማሳካት እንደማይችል አመነ። ዋልማርት ማለት ከ10,000 በላይ መደብሮች ያሉት የዓለማችን ትልቁ ቸርቻሪ ነው። ከመደብሮቹ፣ ከመጋዘኖቹና ከመኪኖቹ የሚወጣውን በካይ ጋዝ ከ2015 መጠኑ በ35 በመቶ ቀንሼ 2025ን እቀበላለሁ ብሎ ነበር። 2030 ላይ ደግሞ ቅነሳው 65 በመቶ ይደርሳል ተባለ። 2023 ሲያልቅ የመጀመሪያውን ግብ ግማሽ መንገድ አካባቢ ነበር። ይባስ ብሎ በዚያው ዓመት ልቀቱ መቀነሱን ትቶ ጨመረ።

ብቻውን አይደለም። ባለፉት ጥቂት ዓመታት አንዱ ግቡን ሲያራዝም፣ ሌላው ዝም ብሎ ከድረ ገጹ ላይ ሲያነሳ፣ ሦስተኛው ደግሞ "ከእንግዲህ የለሁበትም" ብሎ በአደባባይ ሲወጣ አይተናል። ዜናው ላይ ሁሉም "አፈገፈጉ" በሚል አንድ ቃል ይጠቀለላሉ። እኔ ግን ለያይቶ ማየት ያስፈልጋል ባይ ነኝ። ሞክሮ ያቃተውና ፈርቶ የሸሸው እኩል አይወቀሱም።

መጀመሪያ ቃሉ እንዴት እንደተገባ እናስታውስ። በኦክቶበር 2005፣ ካትሪና የተባለችው አውሎ ነፋስ ኒው ኦርሊንስን ካጥለቀለቀች ሁለት ወር ገደማ በኋላ፣ የዋልማርት የያኔው ዋና ሥራ አስፈጻሚ ሊ ስኮት ለሠራተኞቻቸው ንግግር አደረጉ። ኩባንያው አንድ ቀን መቶ በመቶ በታዳሽ ኃይል ይሠራል አሉ። ያ "አንድ ቀን" ቀን አልተቆረጠለትም። ዛሬ ግቡ 2035 ነው። በጃንዋሪ 2007 ደግሞ የእንግሊዙ ቸርቻሪ ማርክስ ኤንድ ስፔንሰር 100 ቃል ኪዳኖችን የያዘ የአምስት ዓመት ዕቅድ ይዞ ብቅ አለ፤ 200 ሚሊዮን ፓውንድ እመድብለታለሁ አለ። ስሙንም "ፕላን ኤ" አለው፤ ፕላን ቢ ስለሌለ ነው በማለት። ከዚያ ከ2019 እስከ 2021 ባለው ጊዜ ጎርፉ መጣ። "በ2040 የተጣራ ልቀታችን ዜሮ ይሆናል" ያላለ ትልቅ ኩባንያ ጠፋ፤ የምንለቀው ጋዝ መልሶ ከአየር ከሚወሰደው አይበልጥም ማለታቸው ነው።

ያኔ እንዲህ ማለት ቀላል ነበር። የብድር ወለድ ከዜሮ ብዙም አይርቅም። ባለሀብቶች አረንጓዴ የሚመስል ነገር ሁሉ ይወዳሉ። 2040 ሩቅ ነው። ቃሉን የሚገባው ሰው ቀነ ገደቡ ሲደርስ ወንበሩ ላይ እንደማይኖር እሱም እኛም እናውቃለን።

አሁን ወደ ሱፐርማርኬት ጓዳ እንግባ፤ ነገሩ ያለው እዚያ ነውና። ሰው ስለ ሱፐርማርኬት ብክለት ሲያስብ መጀመሪያ የሚመጣለት ፌስታል ነው። ከመደብሩ ከራሱ ከሚወጣው ልቀት ውስጥ ትልቁን ድርሻ ከሚይዙት አንዱ ግን ፍሪጅ ነው። ፍሪጁ የሚበላው መብራት ብቻ አይደለም ችግሩ፤ ውስጡ ያለው ጋዝ ጭምር ነው። በአንድ ትልቅ የአሜሪካ ሱፐርማርኬት ውስጥ ከ1,500 ኪሎ የሚበልጥ የማቀዝቀዣ ጋዝ ይዘዋወራል። ከጓዳው መጭመቂያ ተነስቶ በጣሪያ ላይ በተዘረጋ ረጅም ቱቦ ወተቱ፣ ሥጋውና አይስክሬሙ ጋ ይደርሳል። መገጣጠሚያው ብዙ ነው። መገጣጠሚያ ባለበት ደግሞ ማፍሰስ አለ። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እንደሚለው አንድ መደበኛ ሱፐርማርኬት በዓመት ሩብ ያህሉን ጋዝ ያፈስሳል።

ሩብ ማለት ወደ 400 ኪሎ ነው። ትንሽ ይመስላል። ችግሩ የጋዙ ዓይነት ነው። ለረጅም ጊዜ በስፋት ሲሠራበት የኖረው አር 404ኤ የሚባለው ጋዝ ከካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ 3,900 እጥፍ የሚጠጋ የማሞቅ አቅም አለው። 400 ኪሎው ከ1,500 ቶን በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንደመልቀቅ ይቆጠራል። ከ300 በላይ የአሜሪካ የቤት መኪናዎች ዓመቱን ሙሉ የሚያወጡት ጭስ እንደማለት ነው። ይህ ሁሉ አንድ መደብር ውስጥ፣ ጭስ ሳይታይ፣ ሽታ ሳይሸት። በሺህ ለሚቆጠሩ መደብሮች ስታበዙት የዋልማርት ችግር ይገባችኋል።

መፍትሔው አለ። ቀልድ ቢመስልም መፍትሔው ራሱ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ማቀዝቀዣ ውስጥ ገብቶ ሲሠራ፣ ቢፈስ እንኳ ጉዳቱ ከአሮጌዎቹ ጋዞች ጋር አይወዳደርም። ግን በጣም ከፍተኛ ግፊት ይፈልጋል። በድሮው ቱቦ አይሄድም። መጭመቂያውም፣ ቱቦውም፣ መደርደሪያ ፍሪጁም ይቀየራል፤ ሥራውን የሚያውቅ ቴክኒሻንም ያስፈልጋል። ዋልማርት ካቀረባቸው ምክንያቶች አንዱ ይኸው ነው፤ ዝቅተኛ ልቀት ያለው የማቀዝቀዣ ቴክኖሎጂ በተፈለገው መጠንና ዋጋ አልተገኘም ይላል። እውነት አለው። ግማሽ እውነት ግን ነው። አውሮፓ ውስጥ ይህ ሥርዓት በአሥር ሺዎች በሚቆጠሩ መደብሮች ውስጥ እየሠራ ነው። ስለዚህ ቴክኖሎጂው ጠፍቶ አይደለም። ገና አሥር ዓመት የሚያገለግል ፍሪጅ ነቅሎ መጣል ያማል። ይህን ወጪ ባለአክሲዮን ፊት ቆሞ ማስረዳት ከባድ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ይህን ጋዝ በተመለከተ ለውጥ እያመጣ ያለው የኩባንያዎች ቃል ሳይሆን ሕግ ነው። በ2016 ኪጋሊ ላይ አገሮች እነዚህን ጋዞች ቀስ በቀስ ለመቀነስ ተስማሙ። አሜሪካም በ2020 ባወጣችው ሕግ ምርቱንና ፍጆታውን እስከ 2036 በ85 በመቶ ለመቀነስ ወስናለች። ቃል ገባም አልገባም ቸርቻሪው ፍሪጁን መቀየሩ አይቀርም።

የከባድ መኪናዎቹ ጉዳይ አጭር ነው። ረጅም መንገድ የሚሄድ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ከባድ መኪና ዋጋው ውድ ነው፤ ቻርጅ ማድረጊያውም እንደ ልብ አይገኝም። እዚህ ላይ ለቸርቻሪዎቹ ብዙም አልፈርድባቸውም።

አማዞን ላይ ግን እፈርዳለሁ። በፌብሯሪ 2019 ኩባንያው "ሺፕመንት ዜሮ" የተባለ ግብ አሳወቀ፤ በ2030 ከሚያደርሳቸው ዕቃዎች ግማሹ የተጣራ ዜሮ ልቀት ይኖራቸዋል የሚል። በዚያው ዓመት ሴፕቴምበር ላይ የኩባንያው መሥራች ጄፍ ቤዞስ ሰፋ ያለውን የ2040 ቃል ኪዳን ይዘው መጡ፤ ሪቪያን ከተባለ አምራች 100,000 የኤሌክትሪክ ማድረሻ መኪኖች አዘዝን አሉ። ጭብጨባው ደመቀ። በ2023 ጋዜጠኞች ሲያዩ የመጀመሪያው ግብ የለም። መግለጫ አልወጣም፤ ማንም አልተጠራም። ሲጠየቅ፣ ትልቁ ግብ ስላለ ትንሹን ለብቻ መያዝ ትርጉም የለውም ነው መልሱ። እንዴት ነው ነገሩ! የ2040ውን ግብ ዛሬ ላይ መለካት አይቻልም፤ የ2030ው ግን ቀኑ እየቀረበ ነበር። የተነሳው የቀረበው ነው።

ቁጥሩ ራሱ ይናገራል። አማዞን ቃሉን በገባበት በ2019 ልቀቱ 51 ሚሊዮን ቶን ገደማ ነበር። በ2024 ከ68 ሚሊዮን ቶን አለፈ። መኪኖቹ አልመጡም ማለት አይደለም፤ በአሜሪካ ብቻ ከ20,000 በላይ የሪቪያን መኪኖች መንገድ ላይ ናቸው። ኩባንያው ግን ከመኪኖቹ በላይ አደገ። መጋዘን ጨመረ፣ ዕቃ ጨመረ፣ አሁን ደግሞ ለሰው ሠራሽ አስተውሎት ዳታ ሴንተር በዳታ ሴንተር ላይ እየገነባ ነው። በኦገስት 2023 የኩባንያዎችን የአየር ንብረት ግብ የሚመረምረው ሳይንስ ቤዝድ ታርጌትስ ኢኒሺዬቲቭ የአማዞንን ስም ቃል ከገቡት ዝርዝር አወጣው፤ ዝርዝር ዕቅዱ በጊዜው ስላልጸደቀ ነው። በማርች 2024 ደግሞ ይኸው ተቋም ከ200 በላይ ኩባንያዎች በገቡት ቃል መሠረት ዕቅድ እንዳላቀረቡ ይፋ አደረገ።

ሦስተኛው ዓይነት ትራክተር ሰፕላይ ነው። በአሜሪካ ገጠሮች የእንስሳት መኖ፣ አጥርና የእርሻ ዕቃ የሚሸጥ ትልቅ የመደብር ሰንሰለት ነው። በጁን 2024 ወግ አጥባቂ አክቲቪስቶች በማኅበራዊ ሚዲያ ዘመቻ ከፈቱበት። ሦስት ሳምንት ገደማ ቆይቶ የካርቦን ግቦቼን ሰርዣለሁ አለ። ፍሪጅ የለ፣ ቴክኖሎጂ የለ፣ ምንም የምህንድስና ምክንያት አልቀረበም። ደንበኞቹ ድርቅና ጎርፍ ሲመጣ ቀድመው የሚጎዱት ገበሬዎችና ከብት አርቢዎች መሆናቸው ነው የሚገርመኝ።

እስካሁን ያወራነው ግን ስለ ትንሹ ድርሻ ነው። ከአንድ ትልቅ ቸርቻሪ ልቀት ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ ከ90 በመቶ በላዩ የሚመጣው ከራሱ መደብር አይደለም። ከሚሸጠው ዕቃ ነው። ከብቷ ከምታወጣው ሚቴን፣ ማሳው ላይ ከሚበተነው ማዳበሪያ፣ በድንጋይ ከሰል ከሚንቀሳቀሰው የጨርቅ ፋብሪካ፣ ደንበኛው ቤት ወስዶ ከሚሰካው ቴሌቪዥን። በባለሙያዎቹ አነጋገር "ስኮፕ 3" ይባላል። ዋልማርት አልደርስም ያላቸው የ2025 እና የ2030 ግቦች ይህን አይጨምሩም። ያቃተው ቀላሉ ክፍል ነው ማለት ነው።

ለከባዱ ክፍል ዋልማርት ሌላ ፕሮጀክት ነበረው። በ2017 ከአቅራቢዎቼ ጋር ሆኜ እስከ 2030 አንድ ቢሊዮን ቶን ልቀት አስቀራለሁ አለ። በፌብሯሪ 2024 ከስድስት ዓመት በፊት ደርሼበታለሁ ብሎ አበሰረ። እንግዲህ እዚህ ጋ ቆም በሉ። የተቆጠረው "የቀረ" ልቀት ነው። አንድ አቅራቢ ፋብሪካውን ሲያስፋፋ በድሮው መንገድ ቢሠራ 100 ቶን ያወጣ ነበር እንበል። የተሻለ ማሽን አስገብቶ 80 አወጣ። 20 ቶን "አስቀርቷል" ተብሎ ይመዘገባል። አምና 60 ቶን ብቻ ያወጣ ከነበረ ግን ሰማዩ ላይ የደረሰው ጭስ ጨምሯል። ሂሳቡን አስልቶ የሚያቀርበውም ራሱ አቅራቢው ነው። ፕሮጀክቱ ከንቱ ነው አላልኩም፤ በሺዎች የሚቆጠሩ አቅራቢዎች ስለ ኃይል አጠቃቀማቸው እንዲያስቡ አድርጓል። ግን ማስቀረትና መቀነስ ለየቅል ናቸው።

አማዞን ደግሞ የሂሳቡን ጠርዝ ያጠበበበት የራሱ መንገድ አለው። ከምርቶች የሚመጣውን ሙሉ ልቀት የሚቆጥረው በራሱ ብራንድ ለሚሸጣቸው ብቻ ነው። ድረ ገጹ ላይ ከሚሸጠው አብዛኛው ግን የሌሎች ነው።

ከዚህ ሁሉ በታች ማንም ጮክ ብሎ የማይናገረው ጉዳይ አለ፤ ዕድገት። የዋልማርት ዓመታዊ ገቢ በአሥር ዓመት ውስጥ ከ480 ቢሊዮን ዶላር አካባቢ ወደ 680 ቢሊዮን ገደማ አድጓል። እያንዳንዱ ዶላር የሚያስከትለው ልቀት ሲቀንስ ጠቅላላው ግን እምብዛም ላይወርድ ይችላል። ለዚህ ነው ሪፖርቶች ላይ "በአንድ ዶላር ሽያጭ ስንት" የሚለው ቁጥር በትልቁ፣ ጠቅላላው ደግሞ ገጽ አገላብጠን የምናገኘው የሚሆነው።

ለምን አሁን? ወለዱ ጨመረ፤ ለፍሪጅና ለሶላር የሚበደሩት ገንዘብ ውድ ሆነ። ዶናልድ ትራምፕ በጃንዋሪ 2025 ሥልጣን በያዙበት ቀን አሜሪካን ከፓሪሱ የአየር ንብረት ስምምነት ለማስወጣት ፈረሙ፤ በጁላይ ደግሞ ለታዳሽ ኃይል ይሰጥ የነበረው የግብር ማበረታቻ ብዙው ተቆረጠ። ባንኮች የመሠረቱት የኔት ዜሮ (የተጣራ ዜሮ ልቀት) ጥምረት በኦክቶበር 2025 ተበተነ። አውሮፓም ቢሆን ፍጥነቷን ቀንሳለች። በዲሴምበር 2025 በተደረሰው ስምምነት የዘላቂነት ሪፖርት፣ ማለትም በአካባቢና በሰው ላይ ስላላቸው ተጽዕኖ የሚናገር ሪፖርት፣ ማቅረብ ያለባቸው ኩባንያዎች ቁጥር በእጅጉ ቀነሰ፤ ትልልቆቹ የአየር ንብረት ሽግግር ዕቅድ እንዲያዘጋጁ የሚያስገድደው አንቀጽም ወጣ። አቅራቢዎቹም እያዘገሙ ነው። ዩኒሊቨር በ2024 የአዲስ ፕላስቲክ ቅነሳ ግቡን ዝቅ አደረገ። ፔፕሲኮ በ2025 የ2040ውን ግብ ወደ 2050 ገፋው። ቸርቻሪው ደግሞ የሚሸጠው የእነሱን ዕቃ ነው።

ሌላም ምክንያት አለ፤ ይሄኛው ትንሽ ያወዛግባል። ውሸትን የሚቀጡ ሕጎች እየጠነከሩ ነው። በ2022 የኔዘርላንድስ የገበያ ተቆጣጣሪ የልብስ ሻጩ ኤች ኤንድ ኤምና የስፖርት ዕቃ ሻጩ ዲካትሎን የሚጠቀሙባቸው "ዘላቂ" የሚሉ ምልክቶች ማስረጃ አንሷቸዋል አለ፤ ኩባንያዎቹ ምልክቱን ለማስተካከልና 500,000 እና 400,000 ዩሮ ለበጎ ዓላማ ለመስጠት ተስማሙ። በእንግሊዝ የልብስ ሻጮቹ ኤሶስ፣ ቡሁና የአዝዳ ሱፐርማርኬቱ ጆርጅ በ2024 ተመሳሳይ ግዴታ ፈረሙ። ስለዚህ አንዳንዱ ኩባንያ ዝም ማለትን መረጠ። ጥሩ ሠርቶም ዝም፣ ሳይሠራም ዝም። እኔ ይህን እንደ ኪሳራ አላየውም። ማረጋገጫ የሌለው ቃል ባይነገር ይሻላል።

ቃል ሲጋነን መጨረሻው ምን እንደሚሆን ለማየት አውስትራሊያ ትበቃለች። ሬድሳይክል የተባለ ድርጅት በኮልስና በውልዎርዝስ ሱፐርማርኬቶች በር ላይ ሳጥን አቁሞ ነበር። ሰዎች የዳቦና የፓስታ ላስቲካቸውን ቤት ሰብስበው፣ አጣጥፈው፣ ይዘው እየመጡ ይጥሉበታል። እንደገና ጥቅም ላይ ይውላል ተብሏልና። በኖቬምበር 2022 ሥራው ቆመ። ላስቲኩ በየመጋዘኑ ተከምሮ ተገኘ፤ 11,000 ቶን ገደማ። የተሰበሰበውን የሚያቀነባብርና የሚገዛ በቂ ፋብሪካ አልነበረም። ደንበኛው የድርሻውን ተወጥቷል። ሰንሰለቱ የተበጠሰው ከሳጥኑ በኋላ ነው።

ታዲያ የሚሆን ነገር የለም ማለት ነው? አለ። የቤት ዕቃ ሻጩ አይኪያ በ2023 በጀት ዓመት አጠቃላይ ልቀቱ፣ ዕቃውን ጨምሮ፣ ከ2016 ከአንድ አምስተኛ በላይ ቀንሷል። የአይኪያ መንገድ ጠቃሚ ነው፤ ዕቃውን ራሱ ስለሚነድፍ ሙጫውንም እንጨቱንም አምፖሉንም ራሱ ይወስናል። የሌሎችን ዕቃ የሚሸጥ ቸርቻሪ ያን ያህል ሥልጣን የለውም። ግን መደርደሪያው የእሱ ነው፤ ዋጋውም የእሱ ነው። በኦክቶበር 2023 ሊድል የተባለው የሱፐርማርኬት ሰንሰለት ጀርመን ውስጥ ከዕፅዋት የሚሠሩትን የራሱን ምርቶች ዋጋ ከሥጋውና ከወተቱ ጋር እኩል አደረገ። ኔዘርላንድስ ውስጥ ደግሞ ትልልቆቹ ሱፐርማርኬቶች በ2030 ከሚሸጡት ፕሮቲን 60 በመቶው ከዕፅዋት እንዲሆን ግብ ይዘዋል። ይህ ወሬ አይደለም፤ ካሽ ሬጅስተሩ ላይ የሚቆጠር ነገር ነው። ዋጋ መቀየር ፍሪጅ ከመንቀል ይቀላል፤ ቸርቻሪው የማንንም ፈቃድ አይጠብቅም።

እኔ የኩባንያ ሪፖርት ሳነብ መጀመሪያ የምፈልገው ጠቅላላውን ቶን ነው፤ በመቶኛውን ኋላ። ቀጥሎ የዘንድሮውንና የከርሞውን ግብ አያለሁ። 2040 ብቻ የተጻፈበትን ገጽ አላምነውም። የዕቃ ግዢ ሠራተኛው ጉርሻ በምን እንደሚሰላ የሚናገር ሪፖርት ካገኘሁ ደግሞ ደስታዬ ነው፤ ብዙ ጊዜ አይገኝም። ይህ ሠራተኛ የሚሸለመው በትርፍ ብቻ ከሆነ የዘላቂነት ክፍሉ የሚጽፈው ሁሉ ሌላ ፎቅ ላይ የሚቀር ወረቀት ነው። በዚህ ሚዛን ሳየው "አልደርስም" ብሎ በይፋ የተናገረው ዋልማርት ግቡን በዝምታ ካነሳው አማዞን ይሻላል። ቢያንስ የቱ ጋ እንደቆመ እናውቃለን።

ካሊፎርኒያ በ2023 ያወጣችው ሕግ በግዛቷ ለሚነግዱና ዓመታዊ ገቢያቸው ከአንድ ቢሊዮን ዶላር ለሚበልጥ ኩባንያዎች ምርጫ አይሰጥም። ፍርድ ቤት ካልገታው በቀር ከ2026 ጀምሮ የራሳቸውን ልቀት፣ ከ2027 ጀምሮ ደግሞ የሚሸጡትን ዕቃ ልቀት ጨምረው ማሳወቅ አለባቸው። የንግድ ማኅበራት ሕጉን ለማስቆም ክስ መሥርተዋል። ክሱ ካልተሳካ እንደ አማዞን የሌሎችን ብራንድ ከሂሳብ ውጪ አድርጎ ማለፍ የሚቻል መሆን አለመሆኑ ያኔ ይለያል።